ተራ ቁጥር

ክላክስቪክ ከተማ፣ በኅዳር ጨለማ፣
ዝናብ በአግድም ሲሄድ ከማማ ወደ ማማ፣
የወደቡን መዝገብ እንዳድስ ተቀጠርኩ፤
የቀደመውን ኮድ ከፍቼ ተቀመጥኩ።

አምስት ቃል ነበሩ በመደዳ የቆሙ፣
የጻፋቸው ሰውዬ ባይታወቅም ስሙ፦
«ቆማለች»፣ «ወጥታለች»፣ «እየመጣች ነው»፣ «ገብታለች»፣ «ጠፍታለች»፤
የትኛዋም ጀልባ ከአምስቱ ባንዱ ውስጥ ታድራለች።

መዝገቡ ግን ቆጣቢ ነው፤ ቃል አያስቀምጥም፤
ተራውን ይጽፋል፣ ስሙን አይጠይቅም።
ለቆመችው ዜሮ፣ ለወጣችው አንድ፣
ሁለት ለምትመጣው በማዕበሉ መንገድ፣
ሦስት ለገባችው፤
አራት፣ ያ የመጨረሻው፣
ባሕሩ ተቀብሎ ላልመለሳት፣ ለዚያችው።

አንድ ቀን ትሮንዱር ገባ፣ የወደቡ ኃላፊ፣
ካፖርቱ ውኃ እያዘራ፣ እንደ ሁልጊዜው ለፍላፊ፦
«እድሳት ላይ ያለችውን የት ልጻፋት?» አለ።
ቀላል ነው አልኩት፤ አንድ ቃል መጨመር ምን አለ?
«ትጠገናለች»ን ከ«ቆማለች» ቀጥሎ፣ ከሁለተኛው ቦታ፣
ለዓይን ደስ ይበል ብዬ ሸጎጥኳት በአንዳፍታ።
ፈተናው ሁሉ አረንጓዴ አበራ።
ላክሁት። እራቴን በላሁ። ተራ ሥራ።

ሰልፍ ታውቃላችሁ፣ በዳቦ ቤት በር ላይ፤
አንዱ መሃል ሲገባ «ቦታ ይዤ ነበር» ባይ፣
ከኋላው ያለው ሁሉ አንድ እርምጃ ሸሸ፤
ማንም ሳይገፈተር የሁሉም ተራ ተበላሸ።

ሌሊቱን ባሕር ላይ የነበሩት በመጠገኛ ቆሙ፤
ሊደርሱ የቀረቡት ገና ወጡ ተብለው ተሰየሙ፤
ገብተው የታሰሩት፣ ገመዳቸው ላይ ያንቀላፉ፣
«እየመጣች ነው» ተብለው ማዕበሉን ቀዘፉ።
የጠፉትስ?

የጠፉት ገቡ።
ሦስት ነበሩ በመዝገቡ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ።
ሴት ናት። ድምፅዋ አይቸኩልም።
«ባይንታ እባላለሁ። ልረብሽህ አልፈልግም።
‹ተርና› ገብታለች ይላል፤ የትኛው መቆሚያ ላይ ናት?
ደረቅ ካልሲ ይዤለት ልውረድ ብዬ ነው።»

ፈለግኋት። ‹ተርና›፦ አራት።
ከተጻፈች ዐሥራ አንድ ክረምት አልፎባት።
አራት። ትናንት «ጠፍታለች» ማለት ነበር፤
ዛሬ «ገብታለች»።
ከባሕር ሆድ ያወጣት ማን ነው ቢባል
የእኔ ረድፍ ማሳመር ነው።

የማሽን ስህተት ነው አልኳት። ይቅርታ አልኳት።
ዝም አለች። ዝናቡ በእሷም በኩል ይሰማል።
«አውቃለሁ» አለች። «ቤቴ ከወደቡ በላይ ነው፤
መብራቶቹን ማታ ማታ እቆጥራለሁ።
ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው፣ ቦታዋን ቢነግረኝ ብዬ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቃሉን ደጋግሜ አየሁት።
ገብታለች።
ፀሐይም ገባች ይባላል፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ ስትሰጥም።
ማሽኑ ጨርሶ አልዋሸም።
ያኔ ገባኝ፤ ዘግይቶ፣ ግን ገባኝ።

ጠዋት ራንቫ መጣች፤ አልተቆጣችም፣
ጓንቷን እንኳ ገና አላወለቀችም።
«ተራ የወንበር ነው» አለች፣ «ወንበር ደግሞ ይገፋል፤
ስም ግን የትም ቢቀመጥ ባለቤቱን ያቅፋል።
ቃሉን ራሱን ጻፍ።»

ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ቁጥሩን ሁሉ ወደ ቃሉ መለስኩት፤
ዜሮውን፣ አንዱን፣ ሁለቱን መርሐ ግብር አሠራሁት።
አሁን መሃል ላይ ማንም ቢገባ፣ ማንም ከፊት ቢቀድም፣
ከኋላ ያለ አይነቃነቅም።
ሦስቱን አራቶች ግን በእጄ ጻፍኳቸው።
‹ተርና›ን መጨረሻ ላይ አደረግኋት፣
ፊደል በፊደል፣ ጣቴ እየከበደኝ፦
ጠፍታለች።

ቃሉ ከቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይረዝማል።
ቦታ አልቆጠብኩም።