መዛኙ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከሰሊጥ ተራ ጥግ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እህል መዘንሁ።
ሚዛኑን ሳላቀና፣ ዜሮ ላይ ሳላደርግ፣
ጆንያ አስቀምጬ አላውቅም፤ ይህን እምላለሁ።

ዛሬ ከሆስፒታሉ ደጅ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከኩንታል ከበደች።
«ቴስቶስትሮን» ይላል፤ አጠገቡ ቁጥር፣
ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።
ከቁጥሩም ጎን አንዲት ቀስት አለች፣
ቁልቁል የምታይ።

እኔም ቁልቁል እያየሁ
የፒያሳን ዳገት አንገቴን ደፍቼ ወጣሁት።
የግንቡ አጥር ሳይቀር
ያነበበብኝ መሰለኝ።

ለጥሩዓለም አልነገርኋት።
ማታ ጀርባዬን ስሰጣት «ደከመህ?» ትላለች።
«ገበያው ነው» እላለሁ።
ገበያው ምን አደረገ!

ለባየልኝ ግን ነገርሁት። አራዳ ላይ ብረት ያነሣል፣
ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል።
«ለዚህ ነው እንዴ? በሳምንት አንድ መርፌ!
የሚያመጣልኝ ሰው አለ፤ በወሩ በሬ ትሆናለህ።»
በሬ ማለት የተቀጠቀጠ ኮርማ መሆኑን
የአራዳ ልጅ ምን ያውቃል።

ዶክተር ውባለም ልጄ ብትሆን የምትደርስ ናት።
ወረቀቱን አየችና ቁጥሩን ትታ፣
«በስንት ሰዓት ነው ደም የሰጡት?»
«ገበያው ሲፈታ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ።»
«የዚያን ሌሊት ተኝተዋል?»
«ከመተማ የመጣ ሰሊጥ ሳራግፍ ነው ያደርሁ።»
«ሥራዎ?»
«መዛኝ።»
ትንሽ ፈገግ አለች።
«ዝናብ የመታው ሰሊጥ ሲመጣብዎስ?»
«ይድረቅና ተመለስ እለዋለሁ።»
ዝም አለች።
እኔም ዝም አልሁ።

ለካ ይህ ነገር ከንጋት ጋር ይወጣል፣
ቀን ሲገፋ ይወርዳል።
«ተኝተው አድረው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣
ጠዋት አንድ ሰዓት ይምጡ።
ቢያንስም ባያንስም በአንድ ቁጥር አልፈርድም።
ደግሞ በደም ያለው ሁሉ ሥራ ላይ አይደለም፣
አብዛኛው ታስሮ ነው የሚዞር።»
ይህስ ገባኝ፤ አፉ የተሰፋ ጆንያ፣
መጋዘን ሞልቶ ገበያ የማይደርስ።

«መርፌውስ?» አልኋት ቀስ ብዬ።
«ልጅ ይፈልጋሉ?»
ስድስት ዓመት ጠብቀናል። አፌ ሳይሆን ዓይኔ መለሰ።
«ከውጭ ሲገባ የራስዎ ሥራ ይፈታል፣
ዘሩም ይነጥፋል።»
የእርዳታ ስንዴ በገፍ የገባ ዓመት ትዝ አለኝ፤
የእኛ ገበሬ ስንዴ ገዢ አጥቶ
ሞፈሩ ግድግዳ ላይ ከረመ።
ባየልኝ ሳያውቀው እውነት ተናገረ፦
በሬ!

ማታ ለጥሩዓለም ሁሉንም ዘረገፍሁላት፣
ቀስቷን ጭምር።
ሳቀች ብዬ ፈራሁ። አልሳቀችም።
«ማንኮራፋትህን ነግረሃታል?»
«እሱ ደግሞ ምን ያገባዋል?»
«ትንፋሽህ ይቆማል እኮ! በሌሊት ሦስቴ አራቴ።
እየነቀነቅሁ ነው የማኖርህ፤
አንተ የት ታውቅና።»

ሃያ ሁለት ዓመት የመዘንሁ ሰው፣
እኔን ማን ሲመዝነኝ እንዳደረ አላየሁም።

አሁን አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።
አግዳሚው ወንበር ይቀዘቅዛል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣
እጅጌዬን ሰብስቤአለሁ።
አጠገቤ ጥሩዓለም ተቀምጣለች፣
ለዶክተሯ የምትናገረውን
በጣቷ እየቆጠረች።