የሙንተሃ ቀን፣ በየአሥር ደቂቃው

ፎርሙ ሦስት ሳጥን አለው፤ ሥራ፣ ጨዋታ፣ ዕረፍት፤
በየአሥር ደቂቃው አንዲት ጭረት፣
ከንጋት እስከ ምሽት።
ሰዓቴን አስሬ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣
ዴዶ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከበቆሎው ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣
የልጆች ውሎ አጠናለሁ።

አሥራ ሁለት ተኩል። ሙንተሃ ከምንጭ መጣች፣
ቢጫ ጀሪካኗን አወረደች።
ሥራ። ጫርኩ። ይሄ ቀላል ነው።

አንድ ሰዓት። ወንድሟን አዝላ ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች፤
ትጫወታለች ልበል ወይስ ትሠራለች?
በየዝላይዋ አንገቱ ይወዛወዛል፣
እሱ ግን ተኝቷል፤ ያርፋል።
አንድ ማዘያ፣ ሁለት ነፍስ፣ ሦስት ሳጥን፤
እርሳሴ ሲያመነታ ሌላ አሥር ደቂቃ አመለጠን።

ማማው ላይ ሻፊ አለ፤ ወንጭፉን ይዞ በቆሎ ይጠብቃል፤
ዝንጀሮዎቹን ግን በስም ያውቃል፦
«ያ ሆዳሙ ሊቀመንበር፣
ያቺ ነገር አመላላሽ፣ ያ ጆሮ ቆራጣው ወታደር።»
ወነጨፈ። ሊቀመንበሩን ሳተው።
አውቆ ነው የሳተው።
(ይህ የሚገባበት ሳጥን የለም፤ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።)

ዘጠኝ ሰዓት። ከቁርአን ቤት ተመልሳ ሉሁን አጠበች፣
በጥቁሩ ውሃ የሕፃኑን ግንባር ዳበሰች፤
ትኩሳት ነበረው ሌሊት።
ጭረቴን የት ላኑራት?

ሊመሽ ሲል ቀና ብል፣ ሻፊ ከፊቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤
በእጁ አንጓ ሣር አስሯል፣
የኮባ ቅጠል ጭኑ ላይ ዘርግቶ በእሾህ ይጭራል፤
እኔን ያያል፣ ሣሩን ያያል፣ ይጭራል።
«ምን ጻፍክ?» አልኩት።
«ጠዋት ተቀመጠ። ቀጥሎ ተቀመጠ። ዝንጀሮ መጣ፤ ተቀመጠ።»
ሙንተሃ በትከሻው በኩል አጮልቃ፣
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣
«አልሠራም፤ አልተጫወተም፤ ምስኪን፣ አላረፈምም» አለች።

ደግሞ ሕፃኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ማዘያዋን አጥብቃ፣
«አንተንስ ማን አዘለህ?»

ዘይቱና።
ስሟን ካነሳሁ ስንት ዓመቴ!
እኔ ስወለድ ከሦስተኛ ክፍል የቀረች እህቴ፤
አመድ ላይ በጣቷ ስትጽፍ፣
ከጀርባዋ ሆኜ ነው መጀመሪያ ያየሁት ፊደል።

እርሳሴን አስቀመጥኩ።
ሻፊ ሣሩን አየ፤
የሆነ ነገር ጫረ።