ዘጠኝ ቤት

ጥር ነው። የኩህሞ ምድር ዶማ አያስገባም፤
ማሽን አለ አሉት፤ አርቶ ግን እሺ አላለም።
የጥድ ግንድ ከምሮ፣ ቆርቆሮ ደፍቶበት፣
ሁለት ሌሊት ነደደ ክንድ ተኩል መሬት።
እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ጢሱን አየዋለሁ፣
አልጋዋን ነው የሚያሞቅ፣ እላለሁ፣ እላለሁ።

ላህያ ብለን ነበር፤ በቋንቋችን «ስጦታ»፤
አምስት ቀን ተሰጠችን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ።
ጡቴን አልፈለገችም፤ ትንፋሿ ይቸኩላል፣
ባቡር እንደሚያመልጠው መንገደኛ ያለከልካል።

ሐኪሟ ማርኬታ፣ ወንበር ስባ አጠገቤ፣
ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ዝቅ ብላ ለልቤ፤
«ደሟ ኮምጥጧል፣ ጉበቷም ብረት ቋጥሯል።
አንቺ ያጠፋሽው የለም፤ አርቶስ ምን አጥፍቷል?
ግማሹ ፊደል ካንቺ፣ ግማሹ ከሱ ነው፤
ለየብቻው ዝም ያለ፣ ሲገጥም ነው ሞት የሆነው።»
ታዲያ ማን ገጠመው? አልኳት።
ማርኬታ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

አማቴ ኬክ ይዘው መጡ፤
«ጌታ አበባ ሲቀጥፍ እንቡጡን ይመርጣል» አሉኝ።
የጓሮ አትክልት አውቃለሁ።
እንቡጥ የሚቀጥፍ አትክልተኛ አላውቅም።
ኬኩን ግን በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ አፈርኩ።

በመጋቢት ማርኬታ መጣች፣ የደብር መዝገብ ፍለጋ፤
ቄሱ ከካዝና አወጣው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።
አጥንታችንን ቆጠረች፣ የኔን በቀኝ፣ ያርቶን በግራ፣
እንጨት ቆራጩን፣ ቅጥራን አክሳዩን፣ ስም በስም፣ በተራ።
ሰባት ቤት፤ አልተገናኘንም። ስምንት፤ አሁንም ባዳ።
ዘጠነኛው ላይ ጣቷ ቆመ፤
አንዲት ቫልፑሪ፣ አንድ ሄይኪ፣ አንድ ጓዳ።

ከዚያ ወደ ታች ተመለሰች፣ በየገጹ ጠርዝ፣
በስዊድንኛ የጻፉ ቄሶች፣ በተሳለ ላባ፦
የብሪታ ሴት ልጅ፣ አራት ቀን።
የካሪን ወንድ ልጅ፣ ስድስት ቀን።
እንደገና የካሪን፣ ሴት፣ ስም ያልወጣላት።
የሞቱ ምክንያት፦ ያልታወቀ ሕመም።
ያልታወቀ ሕመም።
ያልታወቀ ሕመም።

ብቻዬን የተመታሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወረፋ ነው።
ለካ ካሪን ከፊቴ ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።
ሁለተኛዋን ቀብራ፣ በሳምንቱ እሑድ
የትኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች?
ዘመረች? ወይስ እንደኔ
የመዝሙሩን መጽሐፍ ገልብጣ ይዛ
ከንፈሯን ብቻ አነቃነቀች?

አልዋሽህም፣ ጌታዬ።
በማኅፀን የሚሸምን እሱ ነው ይሉሃል፤
ያን አንድ ክር፣ ዘጠኝ ቤት ያለፈውን፣
እጅህ እንዴት አልነካውም? ነክቶትስ እንዴት ዝም ይላል?
ዓመት ሙሉ ይህን ጠየቅሁህ፤ ሳህን እያጠብኩ፣
በረዶ እየዛቅሁ፣ ወተት ጡቴን ሲያመኝ፤
አንድ ቀን ግን ጥያቄው ራሱ ዞሮ ያዘኝ፦
አንተን ያወረሰኝ ማን ሆነና?
ጸሎቱም የመጣው በዚያው ደም፣ በዚያው ጎዳና፤
ከነቫልፑሪ ጉልበት፣ ከነካሪን ዝምታ፣
ዓይኔን፣ እምነቴን፣ ሞቷን ባንድ እጅ፣ ባንድ ሰሞታ
ተቀበልኩ። ልንቀል ብል፣ የቱን ከየቱ ነቅዬ?
ክር መዘው ጨርቅ አይቀርም፤ ይህንን አውቃለሁ፣ ሸማኔዬ።

ቄሱ ስሟን ሲጽፉ፣ ምክንያቱ ላይ ሲደርሱ፣
ማርኬታ የሰጠችንን ረጅም የላቲን ስም ጠየቁ።
አርቶ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ አጣጥፎ መለሰው።
«ላህያ ብለው ይጻፉ» አለ። «ሙሉውን። በትልቁ።»

ግንቦት ላይ በረዶው ሲሸሽ ወደ መቃብሯ ሄድኩ።
እሳቱ የነደደበት ጥቁር ክብ ላይ፣
ከደብሩ ግቢ ሁሉ ቀድሞ፣ ሣር።
ተአምር አይደለም። አመድ ነው፤ አመድ ሣር ያወፍራል፤
ይህን ልጅ ሆኜም አውቃለሁ።
ቆሜ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።
ጉልበቴ ግን አልጠየቀኝም።