በሃምሳ ቃላት

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ "በሃምሳ ቃላት
የጥናት መስክዎ፣ የሕይወት ታሪክዎ።"
ቤርሳቤህ ተኝታለች፤ አልፏል የእራት ሰዓት፤
ፎቅ ላይ የቢሮዬ መብራት ብልጭ እያለ ያንቀላፋል፣
ማዶ የኔቲቮት የመጨረሻው ባቡር
የበረሃውን ጨለማ በብርሃን ክር ይሰፋል።

ጻፍኩ፦ "ተግባቦት። በተለይም ልጅ አስተርጓሚዎች፤
በሐኪምና በአባት፣ በባንክና በእናት
መሃል የተዘረጉ ትንንሽ ድልድዮች።"
ከዚያ "ድልድይ"ን ሰረዝኩ።
ድልድይ ዕድሜው ዘጠኝ አይደለም፤ አይዋሽም፤
ሰው በላዩ ሲያልፍ ምራቁን አይውጥም።

የኔቲቮት ጤና ጣቢያ። ዝናብ። ረጅም ወረፋ።
እናቴ ከውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ፤
አባቴ ጀጃው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፤
እኔ መሃል፣ እግሬ አየር ላይ፣ አንገቴ ከዚህ እዚያ ዞሮ።
ሐኪሙ ዕብራይስጡን ለኔ ሲል ቆራረሰው፣
እንደ ሕፃን ጉርሻ፣ አድቅቆ፣ አለሳልሶ፦
"ጉበቷ... ጥቂት ወር... ከዚያ በላይ አይደርስም።"
ሁሉም ቃል ገባኝ። ከክፍሌ
በዕብራይስጥ አንደኛ ነበርኩ፤ አንድ ፊደል አያመልጠኝም።
ወደ አባቴ ዞሬ፣
"ክኒን ይሰጣታል፤ ለፋሲካ ትድናለች" አልኩ።
ፋሲካ ሳይደርስ ቀበርናት።
ስለ ተግባቦት ሁለት መጽሐፍ ጻፍኩ፤ ይህን አንድም ቦታ አልተናገርኩ።

ዛሬ መቅረጫ ይዤ ከቤት ቤት እዞራለሁ፤
የሰውን ስም ሰርዤ ቁጥር እሰጣለሁ።
ተሳታፊ አሥራ ሰባት አባቴ ነው። በሙያው ሕግ
ዘመድን መጠየቅ ነውር ነው፤ አውቃለሁ።
የፈቃድ ወረቀቱን አነበብኩለት፤ በአውራ ጣቱ ፈረመ፤
ጉሮሮውን ጠርጎ መቅረጫዬን እንደ እንግዳ ተሳለመ፦

"ያኔ ሐኪሙ ብዕሩን ከደነ።
መድኃኒት ሊጽፍ ያለ ሰው ብዕሩን አይከድንም።
ከንፈርሽን አየሁት፤ ደርቆ እንደ ኩበት ሆነ።
ዕብራይስጥ አላውቅም፤ ልጄን ግን አልስትም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ምኑን ዝም አልኩ? ወጥቼ ለናትሽ አደረስኩላት፤
ያልሽኝን ቃል በቃል፣ 'ለፋሲካ ትድኛለሽ' አልኳት።
ሳቀች። በሩን አየት አድርጋ፣
'አመነች በላት' አለችኝ፤ 'ልጅቱ ልቧ ይርጋ።'
አደራ ነበር። ከበደኝ። ሠላሳ ዓመት አቆየሁት።
ይኸው፣ ሳይመሽብኝ አደረስኩት።"

ግልባጩ ላይ እንዲህ ይነበባል፦
"ዝምታ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ የወንበር ድምፅ።"
የቀረውን የሚይዝ ምልክት ሙያችን ገና የለውም።

መስክ ከሚለው ሥር "ያልደረሱ መልእክቶች" ብዬ ጽፌ ነበር፤
ሰረዝኩት። ደርሷልና፤ ቢዘገይም ነገር።
አሁን ገጹ ላይ የቀረው፦
"አዛለች ጀጃው። ቤርሳቤህ ታስተምራለች። የተወለደችው ቋራ።"
አርባ አራት ቃል ተረፈኝ።
ባቡሩ ባዶውን ይመለሳል፣ መብራቱ እንደበራ።