ሠላሳ አምስት ፍሬ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ቆሞ ውሎ ያድራል፣ ማንም አይጠይቀውም።
ከመድኃኒት ቤቴ በራፍ ካፖርቱን አራግፎ
ካርካሞ ገባልኝ፣ ጎኑን በእጁ ደግፎ።
ጀልባ ጠራቢ ነው፣ ሰባ ሦስት ዓመቱ፤
ሸሚዙን ገለጠ፣ ታየኝ መቀነቱ፦
ከጀርባው ተነሥቶ እምብርቱ ጋ የቆመ፣
ውኃ የቋጠረ፣ ፍም ሆኖ የፈመ።

አልማዝ ባለ ጭራ። እዚህ ግን “እባቢት” ይሏታል፤
ራሷና ጭራዋ የገጠሙ ዕለት ሰውዬው አልቆለታል።
ጎረቤቱ ኤርሲልያ መንገድ ልትዘጋባት
በሰማያዊ ብዕር በጸሎት ከብባት፣
ጎኑ ደብተር መስሏል። እኔም አላጠብሁት።

“መቼ ጀመረዎ?” “ሰኞ ማታ።” ዛሬ ረቡዕ ነው፤
ሰባ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ እሰየው!
ከረጠበው ማዘዣ አንብቤ፣ ቆጥሬ
በእጁ አኖርሁለት ሠላሳ አምስት ፍሬ።
“በቀን አምስት ጊዜ፣ ሰባት ቀን፣ ሳይዘሉ፤
ውኃም ያብዙበት፣ ለኩላሊት ሲሉ።”

“ይገድለዋል?” አለኝ።
ሁሉም ይኸን ነው የሚለኝ።

“አይገድልም” አልሁት። “ቫይረስ ጸሐፊ ነው፣
ቤትም፣ ቀለምም፣ ወረቀትም የሌለው፤
ሰው ቤት ይገባና በሰው ቀለም፣ በሰው መብራት
ራሱን ይገለብጣል፣ ሺህ ጊዜ በአንድ ሌሊት።
ይህ ክኒን ፊደል ነው፤ መልኩ ቁርጥ ፊደል፣
ቀጣዩን የሚይዝ እጅ ብቻ ጎድሎታል።
ጸሐፊው ሳይጠረጥር ከመስመሩ ሲሰካው
ቃሉ እዚያው ይቆማል፤ የሚያስቀጥል የለው።
ወጥመዱን የሚስለውም የሌባው ሞረድ ነው፤
ሌባ የሌለበትን ቤት ዱልዱም ሆኖ ነው የሚያልፈው።”

ከኋላው አንዲት እናት፣ ልጇ የሚያነጥስ፣
“ለእኛም ከእሱ ስጪን።” “ለጉንፋን አይደርስ፤
ለአንዱ ሌባ የተሳለው ለሌላው ዝም ያለ ብረት ነው።
ለእናንተ የተሠራ ገና የለኝም፤ ሾርባና እንቅልፍ ነው።”

ካርካሞ አልሄደም። “ከየት ያዘኝ ታዲያ? ሰው ቤት አልደረስሁ፤
ክረምቱን በሙሉ ከጀልባዬ ሥር ነው ያሳለፍሁ።”
“ከውጭ አይደለም” አልሁት። “ልጅ ሳሉ፣ ያኔ፣
ጉድፍ ወጥቶብዎ ነበር?”
ዝም ብሎ ቆየ፤ አላየም ወደ እኔ።

“ስድስት ዓመቴ ነበር። ከእኅቴ ከሮሰንዳ
በአንድ አልጋ፤ ውጭ ዝናብ፣ ቤት ውስጥ ትኩሳት እንግዳ።
እናቴ የድንች ዱቄት በትናብን፣ እያከክን
ብጉር እንቆጥር ነበር፣ አንዳችን በሌላችን።
ቀድሞ እሷ ላይ ነው የወጣው፤ ያጋባችኝ እሷ ናት።
በስምንት ዓመቴ፣ ባሕሩ የተነሣ ዕለት…”
አልጨረሰም። የክኒኗን ሣጥን ከፈታት፣ ዘጋት።

“እንግዲህ ከዚያ ክረምት ወዲህ አልወጣም” አልሁት፤
“አከርካሪዎ ሥር ተኝቶ ነው የኖረው፣ ስልሳ ሰባት ዓመት።”

“ክኒኑ ሲያልቅ ይሄዳል?”
“አይሄድም። ይተኛል።”

“ይተኛ” አለ ካርካሞ። ሸሚዙን ቀስ ብሎ ቆለፈ፤
ሕፃን ከተኛበት ክፍል እንደሚወጣ ሰው፣
በሩን ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ ዝናቡ አለፈ።