ማን አየህ፣ ያየህ?

አፉላ ውስጥ ነፋስ ከሜዳው ተነስቶ፣
የተቆላ ሱፍ ሽታ በየደጁ ሞልቶ፣
ከአራት ፎቅ ሕንጻ ሥር፣ ደረጃ ተወርዶ፣
መጠለያ አለች፣ በሯ ብረት ከብዶ።
ለቦምብ ብለው ሠሯት፤ እኛ ጸለይንባት፣
ኦሪት አስገብተን መብራት ሰቀልንባት።

ቁልፏ አንድ ብቻ ነው፤ በጫማ ክር ታስሮ
ከያየህ አንገት ላይ ስንት ዓመቱ ኖሮ።
ማንም አልሾመውም። አንድ ሰንበት ጠዋት፣
ጋባዩ ሲታመም፣ "እስቲ በሩን ክፈት"
አሉት፤ ከፈተ።
ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት
እንደከፈተ ቀረ፣ አንድ ሰው ሳይል "ውሰድ ዕረፍት"።

እኔ ምን ነበርኩኝ? ከኋላ ወንበር ላይ
እኔ ጋቢ ለባሽ፣ እሱ የኛ ጋባይ።
"ዳቦው ቀጠነ" ስል፣ "ጸሎቱ ረዘመ፣"
"ማቀዝቀዣው ጮኸ፣" "ወንበሩ ጠመመ፣"
"ለምን ለእነ እገሌ ኦሪት ንባብ ሰጠ?"
እያልኩኝ በሐሜት ሰንበቴ አመለጠ።

ከዳስ በዓል በፊት፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣
ያየህ ከሥራ መልስ የቤቴን በር መታ።
"የዓይኔን ሞራ ነገ ሊገፉልኝ ነው" አለ።
"አንድ ሰንበት ብቻ…" ቁልፉን አንጠለጠለ።
ከቁልፉ ጋር ደብተር፣ ገጹ በላብ ወዝቶ፣
የሁላችን ሙት ዓመት በየስሙ ሞልቶ፦

"አባ ፈንታሁንን ደረጃው ላይ ክንዱን ያዘው፤ እንደያዝከው ግን አይወቅ።
ሺፍራ ከሥራ ተባራለች፤ ዳቦ ስትሰጣት 'ተረፈ' በል፤ አትጠይቅ።
አሥረኛ ሰው ከጎደለ፣ ሦስተኛ ፎቅ ውጣ፤
ሴምዮን መጀመሪያ ይሳደባል፤ ታገሥ፣ እስኪመጣ።
ትርንጎ ገንዘብ ስትቆጥር አጠገቧ አታውራ።"

ትርንጎ…
ቀን የሆስፒታል ወለል፣ ማታ የድሆች ሣጥን ሥራ።
ዓምና ለዳስ በዓል ትርንጎ ተወድዶ፣
ገንዘቡ አልበቃ ሲል፣ ሁሉም ፊቱን ዘግቶ፣
የጆሮ ወርቋን ሸጣ ፍሬውን ገዛችው፤
ዋጋውን ስንጠይቅ "ርካሽ ነው" አለችው።
እኛ ፍሬውን አሽትተን "ምን ያለ መዓዛ!" አልን፤
ከመጋረጃው ማዶ ትርንጎን ሳናይ ቀረን።

ዓርብ ዕለት ወረድኩኝ። ቁልፉ አልዞርም አለኝ።
ለካ በሩ ትከሻ ይሻል፤ ማን ነገረኝ?
ዝናብ ገብቶ ነበር፤ ወለሉን ወለወልኩ፣
ከወንበር ሥር ቅርፊት በእፍኝ በእፍኝ ለቀምኩ፤
የማን ወንበር መሰላችሁ? የራሴ ነው። ዝም አልኩ።

ሰው አይቆጠርምና በልቤ ቆጠርኩኝ፦
ዘጠኝ። ደገምኩ፤ ዘጠኝ።
ወጣሁ፣ ተሰደብኩኝ፣
ከነአሥረኛዬ ተመለስኩኝ።

ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ከኋላ ወንበር ላይ
አንድ ጎልማሳ ተነሳ፦ "ዳቦው ቀጠነሳ፣ ጋባይ!"

እሑድ ኮሚቴው ተሰብስቦ "ይመስገን" ተባለ፤
የመስተዋት ዋንጫ፣ ስሙ የተሳለ።
"ግጥም አዋቂ አንተ ነህ፤ ጻፍለት" ተባልኩ።
ይኸው ሦስት ሌሊት ቁልፉን እያየሁ አፈርኩ።

የሟቹን፣ የሕመምተኛውን፣ የተባረረችውን፣
የአሥረኛውን ጉድለት፣ የውሃውን፣ የቅርፊቱን፣
በሞራ ዓይንህ ሁሉን አንተ ያየህ፤
በጤና ዓይናችን
ማን አየህ፣ ያየህ?

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከሰዓት። አንድ ዓይኑ ታሽጎ
መጣ ቁልፉን ሊወስድ፣ ግድግዳ ተደግፎ።
በሩን ክፍት አገኘው። ወለሉም ታጥቧል።
በአንድ ዓይኑ ቃኘና፣ "ጥጉ ይቀርሃል"
አለኝ።
ጥጉን ወለወልኩት።
ግጥሙን ኪሴ ውስጥ ተውኩት።