ሳሙና በር

የሰፈሬ ስም ሳሙና በር ነው።
ማን እንዳወጣለት ብጠይቅ ብጠይቅ፣
የአንዱ መልስ ከሌላው መልስ ሲራራቅ፣
ተውኩት። ሳሙናውን እኔ ነኝ የምሠራው፤
በሩም የኔው ቆርቆሮ ነው፣ ንፋስ የሚያንኳኳው።

ሞራውን አቅልጬ፣ የኑግ ዘይት ጨምሬ፣
የሚያቃጥለውን ሶዳ ፈርቼ፣ አፌን አስሬ፣
አማስላለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል፣
ድስቱ ውስጥ ያለው አጥሚት እስኪመስል።
ማማሰያው አልፎ ዱካው ሳይጠፋ ሲቀር፣
ያቺ ናት ሰዓቷ፣ ለቀለም የምትከፈት በር።
ብትዘገዪ ይደርቃል፤
ብትቸኩዪ ቀለሙ ሰምጦ ይቀራል።

ለቢጫው እርድ አለኝ፣ ለጥቁሩ የከሰል ዱቄት።
ለቀዩ፣ በጅልነቴ፣ በርበሬ ሞክሬ፣ ወይ ጥፋት!
ጎረቤቴ አስረበብ ፊቷን ታጥባበት
ሦስት ቀን አለቀሰች፣ ማንም ሳይሞትባት።
አሁንማ ከወለቃ መንገድ ዳር ቀይ አፈር አመጣለሁ፣
ደቁሼ፣ በአሮጌ ሻሽ ሁለቴ እነፋለሁ።

መጀመሪያ ጊዜ ጌጡ ከላይ ነበር፤
በቢላዋ ጫፍ የግንቡን ክብ አናት ስሞነጭር
ሰነበትኩና ደፈርኩ፤ ከቤተክርስቲያን ጣራ ቁልቁል የሚያየውን
የመልአክ ፊት ቀረጽኩ፣ ያን ትልልቅ ዓይኑን።
አንዲት ገዢ አነሳችው፣ አገላበጠችው፣
«በመልአክ ፊት ብብቴን ልሽ እንዴ?» ብላ መለሰችው።
እውነቷን ነው።

ወደ አበባ ዞርኩ። የደረቀ አደይ ጫንኩበት።
ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ሳትከራከር፣ ሦስቱን ወሰደች በስስት።
በዓመቱ ቤቷ ብሄድ፣ ከቡፌው መስታወት ጀርባ፣
ሦስቱም ተሰነጣጥቀው፣ ረግፎ ያደዩ አበባ፤
እሷ እጇን የምትታጠብ በልብስ ዱቄት ሳሙና።
«ምነው?» ብላት፣ «እንዴት ልንካው? ያሳሳኛልና!»

ቤቴ እስክገባ ድረስ ቃሏ እየተመላለሰ ይነዘንዘኛል፤
ሳሙና ሲሳሳ እንጂ፣ ሲሳሱለት ምን ይረባል?

ከዚያ ወዲህ ጌጡን ወደ ውስጥ አስገባሁት።
ነጩን በየሻጋታው አፍስሼ፣ ቀዩን እንደ ክር ለቀቅኩበት፤
በተጣመመ ሽቦ አንዴ ብቻ ሳብኩት፤
ከላይ ደግሞ ሌላ ነጭ አለበስኩት።
ሁለቴ ከተሳበ ይደፈርሳል።
እጅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት
የተማርኩት ብዙ አበላሽቼ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ዘርግቼ ብቀመጥ ሰው ሁሉ ያልፈኛል፤
«ጌጡ የታለ? ድሮ ያምር ነበር፣ አሁን ሰንፈሻል።»
«ታጠቡበት፣ ይመጣል» ብል ማን ይሰማኛል።

የአውቶፓርኮው መካኒክ፣ አጣናው፣ አንድ ገዛ፣
መልኩን እንኳ ሳያይ፣ እጁ በግራሶ እንደወዛ።

በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ መዳፉን ዘርግቶ፤
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ስባሪ፣ ከመዳፉ ላይ አስተኝቶ።
ለፀሐይ አነሳት። ቀዩ መስመር አለ።
«ስጀምራት ወንዝ ነበረች» አለ፣
«ማክሰኞ መንገድ ሆነች፣ አንገረብን የሚሻገር፤
ትናንት የሰው ጆሮ መሰለችኝ፣ ሚስቴን ጠርቼ ስንከራከር
ውሃው ፈሶ አለቀ።
ነገ ምን ልትሆን ነበር?»

«ነገማ አረፋ።»

ሳቀ። የመዳፉ መስመሮች ጥቁር ናቸው፣ እነሱ አይለቁም፤
ቀይዋ ክር በላያቸው ተጋድማ፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም።
ስባሪዋን ኪሱ ከተተና ገንዘብ አወጣ፦
«ሌላ ስጪኝ፤
ውስጡ ምን እንዳለ ግን እንዳትነግሪኝ።»